በመንኮራኩሩ ውስጥ የበራው ምድጃ

ሥራ ያቆምኩት ዓይኔ እምቢ ስላለኝ ነው። ሐኪሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ሁለቱንም ዓይኖቼን በትንሽ ባትሪ ተራ በተራ ካየ በኋላ፣ «እትዬ ወይንሸት፣ ከእንግዲህ ኮምፒውተር ላይ አይፍጠጡ። የቀረውን ብርሃን እንጠብቀው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ፣ «ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» ይለኛል። ግማሹን ዘመኔን የጤና ኬላና የትምህርት ቤት ፕላን ስስል፣ የቀረውን መንኮራኩር ስሠራ ኖርኩ ስላቸው ይስቃሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ በሚፈልግበት አገር፣ ማን መንኮራኩር ይሠራል?

እውነት ነው ግን። መንኮራኩሯ የምትበረው በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ እንጂ በሰማይ አይደለም። ክፍሎቿን፣ በሮቿን፣ መብራቷንና ወጥ ቤቷን ሳይቀር በእጄ የሠራኋት እኔ ነኝ። ሠርቼ የጨረስኩትም አብዛኛውን ጊዜ እየፈራሁ ነው። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሳስብ ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ ነው ቀድሞ የሚመጣብኝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት በንድፍ ሠራተኛነት፣ ከአንኮበር ቁልቁለት ሥር ባሉት ቆላማ ቀበሌዎች የጤና ኬላና ትምህርት ቤት በሚያሠራ መሥሪያ ቤት ነው። ቢሯችን አልዩ አምባ ላይ አንድ ክፍል ነበር። አለቃዬም አስተማሪዬም ጋሼ መኮንን ነበሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ አድርቀውም በብርሃን በኩል ያዩታል። ላብ ያረፈበት ወረቀት መስመር አይቀበልም ይላሉ። እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነው፤ ሲቀርጹ አያወሩም።

አንድ ፕላን ሲያልቅ እርሳሱን ይገለብጡና በደነዘው ጫፍ ወረቀቱ ላይ መሄድ ይጀምራሉ። «አሁን በሩን ከፈትኩ» ይላሉ። «ገባሁ። በስተቀኜ ምን አለ? መስኮት። ማነው እዚህ የሚቀመጠው?» መልሱን እስካገኝ ይጠብቁኛል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንዲት ጥፍር የምታህል ሰው ይስላሉ። «ሰው የሌለበት ፕላን ሳጥን ነው» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

አንድ ጊዜ የማዋለጃ ክፍል ፕላን ሠርቼ አቀረብኩላቸው። በጣም ኮርቼበት ነበር። ጋሼ መኮንን አንዲት ትንሽ ካርቶን በፕላኑ መለኪያ በቃሬዛ ልክ ቆረጡና ፕላኑ ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ይገፏት ጀመር። በረንዳውን አለፈች፤ ኮሪደሩን አለፈች። ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ኮሪደሩ ለመታጠፊያ ጠበባትና ቆመች። ጋሼ መኮንን ጣታቸውን አነሱ።

«ወላዷ እዚህ ቀረች» አሉኝ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። እኔ ያሰመርኩት መስመር ሰው ሊገድል እንደሚችል ያን ቀን ገባኝና ከዚያ በኋላ በር በሳልኩ ቁጥር የካርቶን ቃሬዛ ቆርጬ አሳልፍበታለሁ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ። ኮምፒውተር መጣ፤ ተማርኩ። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ሲቀላቀል ሥራዬን ለቅቄ ሸዋ ሮቢት፣ እናቴ ትታልኝ ወደሄደችው ቤት ገባሁና ለሰው የቤት ፕላን እየሠራሁ መኖር ጀመርኩ። ባል አግብቼ አላውቅም፤ ብቻዬን ነኝ። ያለኝ አንድ ወንድም ደሳለኝ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከሚስቱ ከታደለች ጋር አጣዬ ይኖሩ ነበር።

ወደ ጨዋታው ያስገባችኝ ድሮ አብራኝ የሠራች አንዲት ኢንጂነር ናት። አዲስ አበባ ጌም የሚሠሩ ልጆች፣ ክፍልና ኮሪደር በኮምፒውተር መሥራት የሚችል ሰው እየፈለጉ ነው ብላ ስልኬን ሰጠቻቸው። ሄድኩ። አንድ ፎቅ ላይ፣ ጆሮ ማዳመጫ ያጠለቁ ወጣቶች የሞሉበት ክፍል ነው። ኃላፊያቸው ናትናኤል የሚባል፣ ለስላሳ ወጣት ነው። ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተቀበለኝ።

«ጨዋታው እንዲህ ነው» አለኝ። «በጠፈር ውስጥ አንዲት ትልቅ የጭነት መንኮራኩር ባዶዋን ትንሳፈፋለች። ሠራተኞቿ የሉም። ተጫዋቹ ይገባል። ውስጧ አንድ የማይታይ ነገር አለ፤ ይከታተለዋል። ተጫዋቹ ክፍሎቹን አልፎ መውጫው በር ጋ መድረስ አለበት። ሰው እንዲፈራ ነው የምንፈልገው፣ እትዬ ወይንሸት። የምር እንዲፈራ።»

«መንኮራኩር አይቼ አላውቅም» አልኩት።

«እኛም አላየንም» አለ።

ክፍያው ከቤት ፕላን ይሻል ነበር፤ በጊዜውም ይገባልኝ ነበር። ሥራውን ቤቴ ሆኜ ሠርቼ በኢንተርኔት እንድልክ ተስማማን።

ሸዋ ሮቢት ላይ ኮምፒውተር ማሠራት ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ከረፋድ በኋላ ቆርቆሮው ይግላል፤ ማሽኑ እንደ ደከመ በሬ ያቃስትና ድርግም ይላል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፤ እርጥብ አንሶላ መስኮቱ ላይ እሰቅላለሁ፤ ነፋስ መስጫውን ወደ ራሴ ሳይሆን ወደ ማሽኑ አዞራለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይሄዳል። የአንድ ጠዋት ልፋቴ ከዓይኔ ሥር ሲጠፋ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መንኮራኩሯ ግራጫ ሳጥኖች ብቻ ናት፤ ቀለም የላት፣ ዕቃ የላት። ሳጥኖቹን በኮሪደር አገናኝቼ በውስጣቸው እሄዳለሁ፤ ተጫዋቹ በሚያይበት ቁመት፣ በሚራመድበት ፍጥነት። ኮሪደሩ ቀጥ ካለ ሰው መጨረሻውን ስለሚያይ አይፈራም። ትንሽ ካጠፍኩት ከመታጠፊያው ወዲያ ምን እንዳለ ማሰብ ይጀምራል። ጣሪያው ዝቅ ካለ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሄዳል። ወለሉ ብረት ከሆነ የገዛ ኮቴው ይከተለዋል። ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ነው ግድግዳውን ቀለም፣ ዝገትና ጭረት የማለብሰው። በየክፍሉም የጋሼ መኮንንን ትንሽ ሰው አቆም ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አነሳዋለሁ።

የመጀመሪያዋን መንኮራኩር በዚህ መንገድ ሠርቼ ጨረስኩ። ጨለማ አደረግኋት። የሚንጠባጠብ ውሃ፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ ግድግዳ ላይ የደረቀ ደም፣ የሚያስፈራ ነው ብዬ ያሰብኩትን ሁሉ አስገባሁባት። አዲስ አበባ ሄጄ ሞካሪዎች ሲጫወቱባት ከጀርባቸው ተቀመጥኩ። ሞካሪዎች ማለት ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት ተጫውተው ስሜታቸውን የሚናገሩ ወጣቶች ናቸው። አንዱ አዛጋ። አንዷ ደሙን ስታይ ሳቀች፤ ጓደኛዋንም ጠርታ አሳየቻት። ሌላው መንገዱ ጠፍቶበት አንድ ክፍል ውስጥ ሲዞር ቆየና ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

ናትናኤል ደጅ ድረስ ሸኘኝ። 

«ንገረኝ» አልኩት።

«አያስፈራም» አለ። «ሁሉ ነገር አለ፤ ግን ማንም አልኖረባትም። እንደገና ይሞክሩ። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው መፈለጋችን ነው።»

አውቶቡሱ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ የቆላው ሙቀት ፊቴን ሲመታኝ ሥራው ከእጄ እንደወጣ ነበር የተሰማኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ምን አንጋጋኝ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ አጣዬ ላይ ተኩስ ተጀመረ።

በመጀመሪያ በወሬ ሰማን። ቀጥሎ ኔትወርክ ጠፋ። ቀጥሎ ሰው መጣ። በአይሱዙ፣ በትራክተር ተጎታች፣ በእግሩም እየሆነ በአስፋልቱ ይወርድ ጀመር። እኔ ከመኪና መኪና እየሄድኩ ታደለችን ስፈልግ ዋልኩ። ስሟን ስጣራ ሌሎች ታደለቾች ዞረው ያዩኛል። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች አንድ አይሱዙ ቆመና ከሰው መሀል አገኘኋት። ነጠላ ጫማዋ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነበር። ፀጉሯ ጭስ ጭስ ይላል። በቀኝ እጇ የወጥ ማማሰያ ይዛለች፤ የእንጨት ማማሰያ።

«ደሳለኝስ?» አልኳት።

«መንገድ ላይ ነው። ጅቡቲ መስመር። አላገኘሁትም።»

ቤት ወሰድኳት። ማማሰያውን ከእጇ ልቀበላት ስል አልለቀቀችውም። በኋላ ራሷ ሄዳ ወጥ ቤቴ ጥግ ላይ አቆመችው። አልተጠቀመችበትም፤ ሌላ ሰው እንዲነካውም አልወደደችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እንዴት እንዳለፉ በደንብ መናገር አልችልም። ዛሬ እዚህም ይደርሳል፣ ነገ ይደርሳል እየተባለ ከተማው ግማሹ ሸሸ፤ ግማሹ ጓዙን አስሮ ተቀመጠ። እኔና ታደለች ጫማችንን ሳናወልቅ ነበር የምንውለው። የብረት በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም እኩል እንነሳለን። አንድ ቀን ጠዋት ዱቄት ፍለጋ ስወጣ የታችኛው ሰፈር ሰው ሲነጋጋ ወጥቶ ሄዷል። ፀሐዩ ቦግ ብሏል። አንድ ግቢ በሩ ክፍት ነው። ገመድ ላይ የታጠበ ልብስ ውሃ ያንጠባጥባል። በረንዳው ላይ መክተፊያ፣ መክተፊያው ላይ በግማሽ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አጠገቡ ቢላዋ። ሬዲዮ ያወራል። የሚሰማው የለም።

የግቢውን በር ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጨለማ የለ፣ ደም የለ። ሽንኩርቱ ገና አልጠወለገም።

የአጣዬው ነገር ረግቦ፣ የደሳለኝም ደህንነት ተሰምቶ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲመለስ መንኮራኩሯን ከፈትኩና ጨለማውን በሙሉ አወጣሁት። መብራቶቿን ሁሉ አበራሁ። ግድግዳዋን ነጭ፣ ንጹሕ አደረግሁ። ደሙን አጠብኩ። በየክፍሉ ሰው አሁን የወጣ እንዲመስል አድርጌ ዕቃ አኖርኩ፤ ፀጉር የቀረበት ማበጠሪያ፣ የተፈታ የአንድ እግር ጫማ፣ ያልተዘጋ ቧንቧ። ከሁሉ ይልቅ የለፋሁበት ወጥ ቤቱ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጀመረ ምግብ አለ። ምድጃው በርቷል፤ ሰማያዊ እሳቱ ይወዛወዛል፤ ድስቱ ይንተከተካል። የእሳቱን ውዝዋዜ ትክክል ለማድረግ የራሴን ምድጃ አብርቼ ፊቱ ተቀምጬ ስመለከት እውል ነበር።

ናትናኤል አይቶት ደወለ። «በጠፈር ውስጥ እንዲህ ያለ እሳት ይነዳል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰው ካለ ምድጃ አለ» አልኩት።

በማግስቱ እንደገና ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። አንዲት ሞካሪ ወጥ ቤቱ ውስጥ ስትገባ ቀጥ ብላ ቆማ፣ መቀጠል አልፈልግም ብላ ተነስታ መሄዷን ነገረኝ። «ይኼ ነው» አለኝ። «ይኼንን ነበር የምንፈልገው።» ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በዚያው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሥራው እየተላከ ስለነበር ማሽኑን አላጠፋሁትም። ስመለስ መጥረጊያው ወለሉ መሀል ወድቋል። ማሽኑ ላይ የመንኮራኩሯ ወጥ ቤት ይታያል፤ ድስቱ ይንተከተካል። ታደለች የለችም። ወጥ ቤቴ ጥግ የነበረው ማማሰያም የለም።

ጎረቤት ጠየቅሁ፤ አላዩም። አስፋልት ወጥቼ ባጃጆቹን አስቆም ጀመር። አንዱ፣ «ማማሰያ የያዘች ሴትዮ? መናኸሪያ አወረድኳት» አለኝ። መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ አስታወሳት፤ አጣዬ በሚሄደው ሚኒባስ ገብታ ሄዳለች።

መንገዱ ከተከፈተ ብዙ አልሰነበተም። ሰው የሚሄደው የግድ ሲሆንበት ብቻ ነበር። ተከተልኳት። የሚኒባሱ ሹፌር ቴፕ አልከፈተም። ጀውሃን አለፍን። ሰንበቴ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ መታወቂያዬን ገልብጦ እያየ፣ «ለምን ነው የምትሄጂው?» አለኝ። የወንድሜ ሚስት ጠፍታብኝ ነው አልኩት። ዳር ዳሩን የተቃጠለ መኪና አጥንት ባየሁ ቁጥር የሷን ሚኒባስ እየፈለግሁ ነበር የምመለከተው።

አጣዬ ስገባ የማውቀውን መንገድ አጣሁት። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል የተጠቀለለ ቆርቆሮ። ሰፈራቸውን መግቢያው ላይ ባለው ዋርካ አወቅሁት። ታደለች አመዱ መሀል ቆማለች። ማማሰያውን ይዛለች። ስትሰማኝ አልዞረችም።

«ወይንዬ» አለችኝ፣ «ማድ ቤቱ የቱ ጋ ነበር? አንቺ ፕላን ታውቂያለሽ። እኔ እየዞረብኝ ነው።»

ምን ላድርግ፤ ፈለግሁላት። የመሠረቱ ድንጋይ የተሰለፈበትን አየሁ። የደጃፉን ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁ። ከእሱ ተነስቼ ሄድኩ፤ «እዚህ ሳሎኑ ነው። እዚህ የጓዳው በር። ወጣሁ። ማድ ቤቱ ከዚህ ይጀምራል።» መጣችና የነገርኳት ቦታ ላይ ተቀመጠች። አመዱን በማማሰያው ገለጥ ገለጥ አደረገች። ምንም የለም። ሰው ቀድሞ ብረታ ብረቱን ለቅሞታል።

«በርቶ ነው ጥዬው የወጣሁት» አለችኝ። «ወጡን እያማሰልኩ ነበር። ሰው ሲጮህ ወጣሁ፤ በዚያው መኪናው ላይ ጫኑኝ። ቡታጋዙ ተከፍቶ፣ እሳቱ በርቶ ቀረ። ሰፈሩን ያቃጠልኩት እኔ ብሆንስ?»

«ታደለች፣ ከተማው በሙሉ እኮ ነው የነደደው።»

«አውቃለሁ። ይሄንን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አልሰማ አለኝ። ዛሬ ያንቺ ኮምፒውተር ላይ በርቶ ሳየው ጊዜ እስካሁንም እየነደደ መሰለኝ። ሄጄ ላጥፋው ብዬ ነው።»

አጠገቧ በርከክ አልኩ። የሠራሁት ነገር ፊቴ ተቀምጧል።

በዚህ መሀል ከጎን ካለው ግቢ አንዲት አሮጊት እየተደገፉ መጡ። እትዬ ፋጡማ ይባላሉ፤ የታደለች የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ያን ቀን አልሸሽም ብለው ቀርተው፣ የቤታቸው ግማሽ ተርፎላቸው እዚያው ነበሩ። ታደለችን አቅፈው ብዙ ጊዜ አልለቀቋትም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዓይንሽን አየሁት» አሉ። «ምን ትፈልጊያለሽ እዚህ አመድ ላይ?»

እኔ ነገርኳቸው፤ ምድጃው በርቶ መቅረቱን፣ እሱ እንደሚያስጨንቃት። እትዬ ፋጡማ ሻሻቸውን አስተካከሉ። አመዱን አዩ። ከዚያም ታደለችን።

«ምድጃሽንማ እኔ አጠፋሁት» አሏት።

ታደለች ቀና አለች።

«አንቺ መኪናው ላይ ስትወጪ በጓሮ በኩል ገባሁ። ምስርሽን አወረድኩት። ቡታጋዙንም ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። እሳቱ የመጣው በላይ በኩል፣ ከወፍጮ ቤቱ ነው። ያንቺ ቤት የነደደው መጨረሻ ላይ ነው። አላህ ያየዋል፤ ያንቺ እጅ የለበትም።»

ታደለች ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠን ስንነሳ ማማሰያውን ለእትዬ ፋጡማ ሰጠቻቸው። የማድ ቤት ዕቃቸው አልቆባቸው ስለነበር ተቀበሏት፤ መረቋትም።

ስንመለስ ከጎኔ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሰንበቴን ስናልፍ ወደ እኔ ዞረች።

«ምስር አልነበረም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የጣድኩት። ድንች ወጥ ነበር።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሻቸው?»

«ምን ልበላቸው? እሳቸው ቢደርሱ ኖሮ ያጠፉልኝ ነበር። ያንን ነው የነገሩኝ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና፣ «ደክሞኛል፣ ወይንዬ» ብላ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከመጣች ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ስትተኛ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔ መንገዱን እየፈራሁ፣ እሷ ተኝታ፣ ሸዋ ሮቢት ገባን።

በማግስቱ ማሽኑን መክፈት ፈራሁ። ታደለች ሽሮ እያማሰለች ነበር።

«ምድጃውን ከዚያ ነገር ውስጥ ላውጣው» አልኳት። «ላጠፋው እችላለሁ።»

አሰበችበት። «ሥራሽ አይደለም? ሰዎቹ ወደውት የለም?»

«ወደውታል።»

«እንግዲያው አታውጪው። ግን ሰው ሲገባ ማጥፋት ይቻለዋል?»

እንደዚያ አልተሠራም ነበር። ምድጃው የሚታይ እንጂ የሚነካ አልነበረም። ማጥፊያ መዘውሩ እንዲዞር፣ እሳቱ እንዲከስም፣ ድስቱ ቀስ ብሎ መንተክተኩን እንዲያቆም ማድረግ ለእኔም ለኮድ ጸሐፊዎቹም ብዙ ሥራ ነው። ለናትናኤል ደወልኩለት።

«ሲያጠፋው ምን ይሆናል?» አለኝ። «በር ይከፈትለታል? ነጥብ ያገኛል?»

«ምንም አይሆንም።»

«እትዬ ወይንሸት፣ ተጫዋች በከንቱ ነገር አይነካም። ልጆቹም ጊዜ የላቸውም።»

«እንግዲያው ምድጃውን አውጥቼ ሌላ ወጥ ቤት እሠራለሁ» አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም። ወጥ ቤቱ የጨዋታው ልብ ሆኗል፤ እሱም ያውቃል። በመጨረሻ፣ «ምክንያቱን አልጠይቅዎትም» አለኝ። ተሠራ።

የመጨረሻው ሙከራ ቀን አዲስ አበባ ሄጄ እንደ ልማዴ ከጀርባ ተቀመጥኩ። አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች የምትጫወተው። ኮሪደሩን አለፈች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ወጥ ቤቱ ስትደርስ ምድጃውን አየችና ቆመች፤ ከኋላዋ የብረት ኮቴ ሲሰማ ግን ሮጠች። መውጫው በር ከፊቷ ተከፍቷል። ሊዘጋ መቁጠር ጀምሯል። ሁለት እርምጃ ቀርቷታል። ያኔ ቆመች። ዞረችና ወደ ኋላ ሮጠች። ናትናኤል ከወንበሩ ብድግ አለ። ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ መዘውሩን አዞረች፤ እሳቱ ከሰመ። ወዲያው ያ የማይታይ ነገር ደረሰባትና የኮምፒውተሩ ማያ ጠቆረ።

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል።

«ለምን ተመለስሽ?» አላት ናትናኤል።

«በርቶ ነበር እኮ» አለችው፣ ጥያቄው ገርሟት።

ጨዋታው ወጣ። ከዚያ ሌሎች ሁለት መንኮራኩሮች ሠራሁ፤ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ። ታደለች ግን አንዱንም ቁጭ ብላ አላየችም። ደሳለኝም ተመልሶ፣ ሁለቱ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ቤት ተከራይተዋል። ያን የመጨረሻውን ሙከራ ቀን ከአዲስ አበባ ስመለስ ግን ልጅቷ ያደረገችውን ሳልደብቅ ነገርኳት። ማንጎ እየላጠች ሰማችኝ።

«ታዲያ መውጫው በር ጋ ደረሰች?» አለችኝ።

«አልደረሰችም።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። የግቢውን በር፣ አስፋልቱን፣ በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ስታይ ቆየች።

«እኔ ደርሻለሁ» አለችኝ።